ላንድሮቨር ፍለጋ

ሰው መኪና ሲያምረው አብዛኛውን ጊዜ የሚያምረው አዲስ መኪና ነው። እኔ ግን ያለፈውን የክረምት ዕረፍት በሙሉ ያሳለፍኩት በዕድሜ ከእኔ ብቻ ሳይሆን ከአባቴም የሚበልጥ መኪና ስፈልግ ነው። ጓደኞቼ ይህን በሰሙ ቁጥር ሁለት ጥያቄ ያቀርቡልኛል። አንደኛው «አሮጌ መኪና ለምን?» የሚል ነው፤ ሁለተኛው «ቆሼ ደግሞ ምን ልትሠራ ሄድክ?» የሚል ነው። ከሁለተኛው ልጀምር።

ቆሼ ሲባል በአዲስ አበባ ለምንኖረው ቶሎ ትዝ የሚለን በረጲ በኩል ያለው የቆሻሻ ክምር ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ያ ክምር ተንዶ ከመቶ የሚበልጡ ወገኖቻችንን ስለ ፈጀ፣ ስሙ ለቀልድ የሚሆን አይደለም። የእኔ ቆሼ ግን ሌላ ናት። ከቡታጅራ ወደ ዝዋይ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የማረቆ ከተማ ናት። ከተማዋን በዓይኑ ያላየ ሰው እንኳ በርበሬዋን ሳይቀምስ አይቀርም፤ የመርካቶ ነጋዴ በርበሬውን ሊያስወድድ ሲፈልግ «የማረቆ ነው» ብሎ የሚምለው በእኛ ስም ነው።

አሮጌ መኪና ለምን ለሚለው ጥያቄም መልሱ ያለው በዚሁ በርበሬ ውስጥ ነው። የአባቴና የሁለት ጎረቤቶቻቸው ማሳ ከዋናው መንገድ ርቆ፣ ክረምት ጎርፍ ከሚወርድበት ሸለቆ ማዶ ይገኛል። በርበሬው ተለቅሞ፣ ተሰጥቶ፣ ደርቆ ጆንያ ከገባ በኋላ ዕጣው ከሁለት አንድ ነው። ወይ በአህያና በጋሪ ቀስ እያለ ቆሼ ገበያ ይደርሳል፣ ወይም ደላላው አይሱዙውን እስከ ሸለቆው አፋፍ አምጥቶ ዋጋውን ራሱ ቆርጦ ይጭነዋል። ያልታሰበ ዝናብ ከመጣ በርበሬው ይሻግታል። ይህን ደላላው ያውቃል፤ አባቴም ያውቃሉ፤ ደላላው ማወቁንም አባቴ ያውቃሉ። እንዲህ ባለ ሁኔታ የሚደረግ ንግግር ልመና እንጂ ድርድር ሊባል አይችልም። በዚያው ሸለቆ ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ትሻገራለች፤ አምቡላንሱ ቢጠራም የሚጠብቃት ከማዶ ሆኖ ነውና።

አባቴ «ዋጋ የሚያወጣው ያመረተው አይደለም፣ የሚጭነው ነው» ብለው ከተናገሩ በኋላ ሦስቱ አባወራዎች ዕቁብ ገቡ። የሦስቱንም ዕጣ አንድ ላይ አድርገው መኪና ለመግዛት ተማማሉ። አይሱዙ በገንዘቡ አይደረስበትም፤ ባጃጅ ሸለቆውን አይሻገርም፤ የላንድክሩዘር ዋጋ ደግሞ ሰማይ ነው። የቀረው ላንድሮቨር ብቻ ሆነ። እኔም «አንተ የተማርክ ነህና ሊብሬውን አንብብ፣ ሞተሩን መርምር» ተብዬ ፈላጊ ሆኜ ተሾምኩ። የምማረው ኢኮኖሚክስ ነው እንጂ ሞተር አይደለም ብል «ሁሉም ትምህርት አይደለም እንዴ?» አሉኝ፤ ለዚህ መልስ አላገኘሁም።

እንግዲህ ተማሪ የሚያውቀውን አደረግሁ፤ አነበብኩ። ላንድሮቨር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየው በአምስተርዳም የመኪና ትርዒት ላይ ሚያዝያ 22 ቀን 1940 ዓ.ም. ነው። ሐሳቡን ያመነጨው የሮቨር ኩባንያ መሐንዲስ ሞሪስ ዊልክስ፣ በዌልስ በአንግልሲ ደሴት በነበረው እርሻው ላይ ከጦርነት የተረፈ የአሜሪካ ጂፕ ይነዳ ነበር። ጂፑ ሲያረጅ የሚተካው የእንግሊዝ መኪና ስላልነበረ፣ ኩባንያው ራሱ ለመሥራት ተነሣ። በዚያን ዘመን በእንግሊዝ አገር ብረት በራሽን ይታደል ስለነበር አካሉን ከአሉሚኒየም ቅይጥ ሠሩት። ነገሩን ባጭሩ ብናየው ላንድሮቨር ከመነሻው የገበሬ መኪና ነው። ይህን እንደ ትልቅ ግኝት ለአባቴ ብነግራቸው «ታዲያ ምን ያስገርማል፤ ሲያዩት ያስታውቃል» አሉ።

በአገራችንም ቢሆን ቦታውን ያገኘው መንገድ ባልነበረበት ነው። የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን የተቋቋመው በ1943 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት አብዛኛው የገጠር ሕዝብ ከመኪና መንገድ ርቆ ይኖር ነበር። መሐንዲሱም፣ ሐኪሙም፣ አጥኚውም ወደ ገጠር ሲወርድ አራቱንም ጎማ በሞተር የሚያሽከረክር መኪና ያስፈልገው ነበር። ዶናልድ ጆሃንሰንና ቶም ግሬይ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በሐዳር ከሰፈራቸው ተነሥተው ድንቅነሽ ወደተገኘችበት ቦታ የሄዱት በላንድሮቨር ነበር። እኛ «የሰው ዘር መገኛ» ብለን የምንኮራበትን ታሪክ ወደ ብርሃን ካወጡት መካከል ይህች አራት ማዕዘን መኪናም ድርሻ አላት ማለት ነው።

ስለ መንገድ ካነሣን ዘንድ የራሳችንን አገር ታሪክ መዝለል አይገባም። ቡታጅራን አቋርጦ የሚያልፈው የዓለም ገና – ወላይታ ሶዶ መንገድ በ1950ዎቹ ዓመታት ሲታሰብ፣ በአዲስ አበባ የሚኖሩ የጉራጌ ተወላጆችና ሌሎች የአካባቢው ልጆች ማኅበር አቋቁመው፣ ከኪሳቸው አዋጥተው ነበር። ዶክተር ፈቃዱ ገዳሙ ይህን ማኅበር አጥንተው ጽፈውበታል። የሦስት አባወራዎች ዕቁብ ከዚያ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው፤ ግን ከአንድ ምንጭ የተቀዳ ይመስለኛል። መንግሥት እስኪደርስ ቆሞ ከመጠበቅ አዋጥቶ መጀመር የአካባቢያችን የቆየ ጠባይ ነው።

ከንባቤ ያገኘሁትን ሌላ ነገር በአጭሩ ላካፍላችሁ፤ ምናልባት ከእናንተ መካከል ዕጣው የሚደርሰው ይኖር ይሆናል። (የሥሪት ዘመኑ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።) የመጀመሪያው ዓይነት ከ1948 እስከ 1958፣ ሁለተኛው ከ1958 እስከ 1971 አንድ ጊዜ ተሻሽሎ፣ ሦስተኛው ከ1971 እስከ 1985 ተሠራ። ዕድሜውን ከሊብሬው ይልቅ ከፊቱ ማንበብ ይቻላል። ሁለቱ የፊት መብራቶች ወደ መካከል ተጠጋግተው ከራዲያተሩ ወንፊት አጠገብ ካሉ፣ መኪናው ከ1960ዎቹ ማብቂያ በፊት የተሠራ ነው። ወደ ዳር ወጥተው በፓራፋንጎው ላይ ከሆኑ ከዚያ ወዲህ ነው። የፍጥነት መቁጠሪያው በዳሽቦርዱ መካከል ከሆነ ከሦስተኛው የቀደመ ነው፤ በሹፌሩ ፊት ለፊት ከሆነ ሦስተኛው ነው። የአሉሚኒየሙ አካል እንደ ብረት አይዝግም፤ ይህ ግን ገዢን ያታልላል። ሁሉን የሚሸከመው ሻንሲ ብረት ስለሆነ ላዩ እያብረቀረቀ ሥሩ ሊበላ ይችላል። ስለዚህ አሮጌ ላንድሮቨር የሚገዛ ሰው ቀለሙን ትቶ ከሥሩ በጀርባው ይተኛል፤ ሻንሲውን በመዶሻ እየነካ ድምፁን ያዳምጣል። ጤነኛው ይጮኻል፣ የተበላው ይታፈናል። አባቴ ይህን ሲሰሙ «በሬ ሲገዛ ጥርስ እንደ መቁጠር ነው» አሉ፤ በእውነትም ከዚህ የተሻለ መግለጫ የለም።

የመጀመሪያዋን ላንድሮቨር ያገኘናት እዚያው ቆሼ ውስጥ፣ ከአንድ ሽማግሌ ግቢ በግራር ጥላ ሥር ነው። ዶሮዎች በመቀመጫዋ ላይ ይፈለፍላሉ። መብራቶቿ ተጠጋግተዋል፤ መቁጠሪያዋ በመካከል ነው፤ ሁለተኛው ዓይነት መሆኗ ነው። ሽማግሌው ሊብሬውን በላስቲክ ጠቅልለው ከሳጥን አወጡ። በቡታጅራና በዝዋይ መካከል ሰውና እህል ሲያመላልሱባት ኖረው ነበር። በደርግ ጊዜ ቤንዚን በኩፖን ይታደል በነበረበት ዘመን ለአንድ ጉዞ ስንት ቀን እንደሚጠብቁ አጫወቱን። አባቴ በሊቢዶ «ጋሼ፣ እንግዲህ ለእኛ ይሁንልን» እያሉ ለመኑ። ሽማግሌው ግን ስለ ዋጋ አልጠየቁም። «ምን ልታደርጉባት ነው?» ብቻ አሉ። አባቴ ስለ በርበሬው ነገሯቸው። ሽማግሌው ጥቂት ዝም ብለው «ከሳምንት በኋላ ተመለሱ» አሉን።

ሁለተኛዋ ቡታጅራ ነበረች፤ በአንድ ጋራዥ በር ላይ ቆማለች። ደላላው ገና ከሩቅ ሲያየን «ጃንሆይ የተሳፈሩባት ናት!» ብሎ ጀመረ። በዚህ ክረምት ያየሁት አሮጌ መኪና ሁሉ ወይ ጃንሆይ የተሳፈሩበት ነው፣ ወይ የስዊድን ባለሙያዎች ከአርሲ እርሻ ልማት ያመጡት ነው። እንደ ደላሎቹ አነጋገር ቢሆን ግርማዊነታቸው ከመኪና ወርደው አያውቁም ነበር። ሆኖም ይህችኛይቱ አንድ እውነት ነበራት፤ ሞተሯን ስትከፍቱት የቶዮታ ናፍጣ ሞተር ነው። በሮቿ ከአንድ መኪና፣ ዳሽቦርዷ ከሌላ መኪና የመጡ ናቸው። ሻንሲዋን በመዶሻ ብነካው ግን ከዳር እስከ ዳር ጮኸ። ችግሩ ወረቀቱ ላይ ነበር፤ በሊብሬው የተጻፈው የሞተር ቁጥርና በሞተሩ ላይ ያለው ቁጥር አይገናኝም። «ለውጡ በሊብሬው ይመዝገብ፣ ከዚያ እንነጋገራለን» ብለን ተመለስን።

በዚያው ሳምንት መለዋወጫ ለመጠየቅ አዲስ አበባ ገብቼ ሶማሌ ተራን ዞርኩ። በዚያ የተማርኩት ከንባቤ ሁሉ ይበልጣል። ለቶዮታው ሞተር የሚሆን ዕቃ በየሱቁ አለ። ለጥንቱ የላንድሮቨር ሞተር የሚሆነው ግን አንዱ «ነገ ና» ይላል፣ ሌላው ከሞተ መኪና የተፈታ ያሳያል፣ ሦስተኛው ይስቃል። ዋጋውም ከተጠበቀው በላይ ነበር። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪናዎችን ማስገባት አክብዶታል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ነዳጅ ለማናወጣ አገር ሐሳቡ የሚነቀፍ አይደለም፤ ግን የኤሌክትሪክ መኪና ከሸለቆው ማዶ ገና አልደረሰምና አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ሁሉ እንደ ወርቅ ይጠበቃል። በዚህ ላይ ላንድሮቨርን ለውበቱ የሚፈልጉ ሰዎች መጥተዋል። በእንግሊዝ አገር የጥንቱ ቅርጽ መሠራት ያቆመው በጥር 2008 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ወዲህ የጥንቶቹ መኪናዎች ለአድናቂዎቻቸው ይበልጥ ብርቅ ሆነዋል።

ከሳምንት በኋላ ወደ ሽማግሌው ስንመለስ ከእነዚሁ አድናቂዎች አንዱ ከአዲስ አበባ መጥተው በግራሩ ሥር ተቀምጠው አገኘናቸው። ትሑት ሰው ናቸው። ስለ መኪናዋ ከእኔ የበለጠ ያውቃሉ፤ የእያንዳንዱን ብሎን ዘመን ይናገራሉ። ያቀረቡት ዋጋ የእኛን እጥፍ ነበር። ሽማግሌው ያንኑ ጥያቄ ጠየቋቸው፤ «ምን ሊያደርጉባት ነው?» እንግዳውም «አባባ፣ እንደ ጥንቷ አድርጌ አሠራታለሁ፤ በእሑድ እሑድ ቀስ ብዬ እነዳታለሁ፤ ዝናብም አላስመታት» አሉ። ሽማግሌው ወደ አባቴ ዞረው በሊቢዶ የተናገሩትን እስካሁን አልረሳሁትም። «ገንዘቡ እኩል ቢሆን ኖሮም ለእሳቸው እሰጥ ነበር። እኔ አርባ ዓመት ጭኜባታለሁ። አሁን እንደገና በርበሬ አላስጭናትም፤ ትረፍ» አሉ።

በእውነት ለመናገር በዚያች ሰዓት ተናድጄ ነበር። ለአንዱ ኑሮ የሆነ ዕቃ ለሌላው የእሑድ ጨዋታ ሲሆን፣ ገንዘብ ያለውም ሲያሸንፍ ማየት ለእኛ ለተማሪዎች የሚያስፎክር ጉዳይ ነው፤ በልቤም ረጅም ንግግር አዘጋጅቼ ነበር። አባቴ ግን «ንብረታቸው ናት፤ ደግሞም ወደዋታል» ብለው ተነሡ፤ ሽማግሌውን ተሰናብተው ወጣን። በመንገድ ላይ ነገሩን ሳሰላስለው ሽማግሌው የፈረዱት በገንዘብ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። ሥራዋን የጨረሰች መኪና አለች፤ ሥራዋን ያልጨረሰች መኪናም አለች። እኛ የምንፈልገው ሁለተኛይቱን ነው።

እንግዳው ወደ ቡታጅራ ሲመለሱ በመኪናቸው አሳፍረውን ስለነበር የቶዮታ ሞተር ያላትን አሳየናቸው። ከንፈራቸውን መጠጡና «ይህች እንኳ ላንድሮቨር አይደለችም» አሉ። መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ «ላንድሮቨር መሆን አለመሆኗን ጭቃው ይፍረድ፣ ጋሼ» አላቸው። ሁላችንም ሳቅን፤ ነገር ግን ከዚህ ንግግር በኋላ አባቴ ሌላ መኪና ለማየት ፈቃደኛ አልነበሩም። ባለቤቱ የሞተሩን ለውጥ በሊብሬው አስመዘገበ፤ መኪናዋ ዓመታዊ ምርመራዋን አልፋ ቦሎ ተለጠፈባት፤ በጳጉሜን ገዛናት።

እስኪመዘገብ ስንጠብቅ በጋራዡ ብዙ ቀን ዋልኩ፤ ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት የሆነውም በዚያ ያየሁት ነው። መካኒኩ በዘይት የጠቆረ፣ ከብዙ እጅ ያለፈ የላንድሮቨር ጥገና መመሪያ ቅጂ አለው፤ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ሥዕሎቹን በልቡ ያውቃቸዋል፤ ጽሑፉን ግን አያነበውም። አንድ ቀን ገጹን ገልጦ «ተማሪው፣ ይህች ምን ትላለች?» አለኝ። ገጹ የሚናገረው ስለ ቢጫዋ እጀታና ስለ ቀይዋ ማርሽ ነበር። ቢጫዋ ወደ ታች ስትጫን አራቱም ጎማዎች ይሠራሉ፤ ቀይዋ ወደ ኋላ ስትሳብ ኃይል ይጨምራል፣ ፍጥነት ይቀንሳል፤ ይህም የሚደረገው መኪናው ቆሞ ነው። ከዚህ በታች ደግሞ አራቱን ጎማ አስገብቶ በደረቅ አስፋልት ላይ መንዳት ክልክል መሆኑ ተጽፏል። በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ልዩነቱን የሚያቻችል ዲፈረንሻል ስለሌለ፣ መኪናው ሲታጠፍ የፊቱና የኋላው የሚሄዱት ርቀት አይመጣጠንም። በጭቃ ላይ ጎማው ተንሸራትቶ ይገላገላል፤ በአስፋልት ላይ ግን ጭንቀቱ ሁሉ በካንቢዮው ጥርስ ላይ ያርፋል።

መካኒኩ ይህን ሲሰማ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ ወደ ጓሮ ወስዶ ጥርሳቸው የተበላ የካንቢዮ ዕቃዎች የሞሉበት በርሜል አሳየኝ። «እነዚህን ሁሉ የሰበሩት ሹፌሮች ከጭቃው ወጥተው አስፋልት ሲገቡ እጀታዋን ያልመለሱ ናቸው። እንደሚሰበር አውቅ ነበር፤ ለምን እንደሚሰበር ግን የነገረኝ የለም» አለ። እጁ የሚያውቀውን ምክንያት ያ ገጽ ለዓመታት በመሳቢያው ውስጥ ይዞት ኖሯል። በመካከላቸው የቆመው የእንግሊዝኛ ቋንቋ ብቻ ነው። ያን ዕለት ማታ ገጹን በአማርኛ መጻፍ ጀመርን። መዝገበ ቃላቱ የሚሰጠውን ረጅም ስያሜ ባነብለት «ይህ የየት አገር ቋንቋ ነው? ትንሿ ካንቢዮ በለው» አለኝ። እኔ ምክንያቱን ሳቀርብ እሱ ቃሉን ያቀርባል፤ በዚህ ዓይነት አንድ ገጽ ተኩል ሠራን። ከጋራዡ ግድግዳ ላይ ለጠፈው፤ ሹፌሮች ቆመው ያነቡታል።

የመኪናዋን ነገር ለመጨረስ ያህል፣ በዚህ ዓመት በታኅሣሥ የሦስቱ ቤት በርበሬ በእሷ ተጭኖ ቆሼ ደረሰ። ሀብታም አልሆንም፤ ናፍጣው ይበላል፣ አንድ የባሌስትራ ቅጠልም ተሰብሮ ነበር። ሆኖም ደላላው ወደ ሸለቆው አፋፍ ሲመጣ በዘንድሮው ዓመት የመጀመሪያው ንግግሩ «ስንት ትሉታላችሁ?» የሚል ነበር። ጎረቤታችንም በጥር አንድ ሌሊት ያለ ቃሬዛ ተሻግራ ቆሼ ጤና ጣቢያ ደርሳ በሰላም ተገላግላለች።

ከዚህ ሁሉ ያገኘሁት ትምህርት አንድ ነው። እኛ መኪና እንፈልጋለን ብለን ወጣን፤ በእርግጥ የምንፈልገው ግን የሚጠግናትን ሰው ነበር። ሁለቱን መኪናዎች የለያቸው ዕድሜያቸው ወይም ስማቸው አልነበረም። አንደኛይቱን በቅርብ ያለ ሰው ሊጠግናት አይችልም፤ ሁለተኛይቱ ብትሰበር ቡታጅራ ላይ በግማሽ ቀን ትሠራለች። መኪና የአንድ አገር ሀብት የሚሆነው በወደብ ሲገባ ሳይሆን፣ የአገሩ ሰው ፈትቶ ሊገጥመው ሲችል ነው። እኛ በዩኒቨርሲቲ ያለን ተማሪዎች ስለ አገር ዕድገት ስንከራከር እናመሻለን፤ ክርክሩ አስፈላጊ ነው። ነገር ግን ለአንድ ጋራዥ አንድ ገጽ ተርጉሞ መስጠት ከአንድ ምሽት ክርክር የበለጠ ጊዜ አይወስድም። መጽሔታችን የሚባዛበት መሣሪያም መመሪያ ከማባዛት የሚያግደው ነገር የለም።

ቀጣዩ ገጽ ስለ ፍሬን ነው፤ ጽሑፉም ከበፊቱ ይከብዳል። የምህንድስና ተማሪ የሆነ፣ የመካኒክን አማርኛ ለመማር የማያፍር ሰው ካለ በማኅበሩ ቢሮ ይጠይቀኝ፤ ለፋሲካ ዕረፍት አብረን ቡታጅራ እንወርዳለን።